ዝገት የሚቀባው ሰው

ለሁለት ዓመት ያህል በእኛ ሰፈር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንግዳ ሰው የመንገዱን መሐል ይዞ ነበር የሚሄደው። አይፈረድበትም፤ ከግራም ከቀኝም ግድግዳ የሚወድቅበት ይመስለዋል። አጥሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ የግቢው በር ሁሉ በዝገት ተበልቷል፣ ልስኑ ተላልጦ ተላልጦ አንዳንዱ ቤት ቆዳውን የሚቀይር እባብ መስሏል። የሰፈሩ ሰው ግን እነዚያው ግድግዳዎች ሥር ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጉዱን እናውቃለና! ከስንጥቁም ከዝገቱም አንድ እንኳ እውነተኛ አልነበረም። ሁሉም የጋሽ ብሩሽ የእጅ ሥራ ነው።

ጋሽ ብሩሽ ቀለም ቀቢ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሷው ታስታውሰው ይሆናል፤ ሰፈሩ ግን ጆሮው ላይ ከሚሰካት ቀጭን ብሩሽ ሌላ መጠሪያ አልፈለገለትም። ሲተኛም አያወልቃትም ብለው ሲያሙት ሚስቱ ትቆጣለች። ሲተኛስ ያወልቃታል፣ ሲታጠብ ነው እንጂ የሚረሳት ትላለች። ቁመቱ አጭር ነው፤ ዕድሜውን በመሰላል ላይ ስላሳለፈ ግን መሬት ላይ ቆሞ ሲያናግራችሁም ቁልቁል ነው የሚያያችሁ። ሱሪውን ያየ የሰፈሩን ታሪክ ያነባል። ጉልበቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ የዳቦ ቤቱ መስኮት ናት። ኪሱ አጠገብ ያለው ቢጫ የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ለጥርስ ማከሚያ ቤት ቢጫ ቀለም መምረጡን ሰፈሩ ስቆ አልጨረሰም።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራው ግን በገዛ ግቢው በር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ያነጠሰ ከሌላው ክፍል ይማርህ ይባላል። በሩ ላይ ግን ባሕር አለ። ሰማያዊ ባሕር፣ ሸራዋን የነፋች ጀልባ፣ ከጀልባዋ የሚበልጡ ዓሦች። ጋሽ ብሩሽ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ዓሦቹ ሁሉ የሚስቁትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሚስቱ በወጣትነቷ ደጋግማ እምቢ ስትለው ይህን በር ሥሎ ጠራት። መጥታ ዓሦቹን ብዙ አየቻቸውና፣ እንዲህ የሚስቅ ዓሣ ያሰበ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብላ እሺ አለችው። ስለዚህ በሩ ለጋሽ ብሩሽ በር ብቻ አይደለም። ማስታወቂያውም፣ ሠርጉም፣ ትዳሩም እሱ ነው።

ከመንገድ በኩል ባለው ክፍል የሚስቱ አባት ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመራሉ፤ እሳቸው ካላዘዙት ሰው መንገድ የሚሻገር አይመስላቸውም። ሲተኙ ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋት ብቻ ከሆነ ደግ ነበር፤ ማርሽ ይቀይራሉ። ዳገት ላይ የደረሱ ጊዜ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል።

እንዲህ ተደላድለው ሲኖሩ የንብረት ግብር ግምት መጣ። ሐሳቡን ማንም አልጠላውም ነበር። ትልቅ ቤት ያለው ብዙ ይክፈል፣ ትንሽ ቤት ያለው ጥቂት ይክፈል፣ በተሰበሰበውም መንገዱ ይጠገን ነው የተባለው። ለዚህ ሥራ ወደ እኛ የተላከውን ገማች ባለ ሜትሩ አልነው፤ ቀበቶው ላይ መለኪያ ሜትር አንጠልጥሎ ስለሚሄድ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ድመት ስታልፍ እንኳ መንገድ ይለቃል። ችግሩ ያቺ ሜትር ከማቀፊያዋ ወጥታ አለማወቋ ነው።

ጥፋቱ ደግሞ የሱ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን በር ያንኳኳ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ገማች ሲመጣ ቤቱ የለም። አንዱ ቁልፉን ሚስቴ ይዛው ሄዳለች ይላል፣ ሚስቱ ከኋላው ቆማ። ሌላው ውሻ ይፈታል። የብረት ነጋዴው ውሻ ስላልነበረው ከውስጥ ሆኖ ራሱ ጮኸ። ባለ ሜትሩም ደከመው፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ በርና አጥር እያየ መገመት ጀመረ። በሩ ካብረቀረቀ ባለቤቱ ሀብታም ነው፣ አጥሩ ቀለም ካላየ ድሃ ነው።

ውጤቱ ሲለጠፍ መንደሩ አፉን በእጁ ያዘ። የብረት ነጋዴው ቪላ እንደሆነ ሰፊነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ልጆቹ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሄዱ ስንቅ ነው የሚይዙት። ግን ፊት ለፊቱ ረጅም ግራጫ አጥርና ቀለም ያልነካው የላሜራ በር ነው። በግምቱ መሠረት የጋሽ ብሩሽ ሁለት ክፍል ከነጋዴው ቪላ በልጣ ተገኘች።

ጋሽ ብሩሽ በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ባለ ሜትሩ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ አክብሮም አዳመጠው።

"ልጄ፣" አለው ጋሽ ብሩሽ፣ "ጀልባዋ እኮ የእውነት አይደለችም።"

ባለ ሜትሩ አፈረ። ቤቱን ገብቶ ቢለካ ደስታው እንደሆነ፣ ግን እንደማይችል ነገረው። የአንድ መንገድ ቤቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘዴ መገመት አለባቸው፤ ለአንዱ በሜትር ለሌላው በዓይን ከሆነ አድልዎ ነው የሚል ደንብ አለ። ደንቡም እውነት አለው። "ጋሼ፣ ጎረቤቶችዎ በራቸውን ይክፈቱልኝ እንጂ መንገዱን በሙሉ በአንድ ጀንበር እለካዋለሁ። ካልከፈቱ ግን የሚቀጥለውም ግምት በዓይን ነው" አለው። ጋሽ ብሩሽ እያመሰገነ ወጣ። ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው ምንም የሚያመሰግንበት ነገር እንዳላገኘ ትዝ ያለው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ግብር የሚተመነው በበርና በአጥር መሆኑ በታወቀ ሳምንት የብረት ነጋዴው ወደ ጋሽ ብሩሽ መጣ። ከሁሉ ያነሰ ተገምቶም አልረካም።

"ብሩሽ፣ በሬን አሳርጅልኝ" አለው።

ጋሽ ብሩሽ የሰማውን ማመን አቃተው። ዕድሜውን ሙሉ ያረጀውን አዲስ ሲያደርግ ኖሮ አዲሱን አሳርጅልኝ ሲባል ዶሮን እንቁላል መልሰሽ ዋጪ እንደማለት ሆነበት። እምቢ አለ። በኋላ ግን የራሱ ግብር አለ፤ ቀለም የሚያስቀባ ደግሞ በሰፈሩ አንድ አልቀረም፤ ማን በገዛ ገንዘቡ ቤቱን አሳምሮ ግብር ይጠራል? እየከፋው ቡናማውን ከቀዩ ቀላቀለ።

አንዴ ከጀመረ ወዲያ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። መጥፎ ሥራ መሥራት አይችልበትም። የቀባው ዝገት ከእውነተኛው ዝገት በለጠ፤ ያየው ሁሉ በሩን ሳይነካ እጁን ይታጠባል። የዝናብ ጠብታ የወረደበትን መስመር ሠራ፣ የተላጠ ልስን ሠራ፣ በተላጠው ልስን ሥር የቆየ ልስን ሠራ፣ ከዚያም ሥር ጡብ። በጥርስ ሐኪሙ አጥር ላይ የሣለው ስንጥቅ እጅግ ከመጥለቁ የተነሳ እንሽላሊቶች ሊገቡበት እየሮጡ ግንባራቸውን ይመቱ ነበር። አንድ ግንበኛ በመንገዱ ሲያልፍ አጥሩን አይቶ አዘነ፤ በነፃ ልጠግንላችሁ ብሎ ስሚንቶ ሊያመጣ ሄደ። እንዲህ እያለ ጋሽ ብሩሽ የሳቂታ ዓሦቹን ግብር በጎረቤቶቹ ዝገት ሲከፍል ከረመ።

ሁለተኛው ግምት ሲቃረብ ሚስቱ አስቀምጣ አናገረችው። "ሰፈሩን ሁሉ ፍርስራሽ አድርገህ አንተ ብቻዋን የምታበራ በር ይዘህ ብትጠብቀው ሰውዬው ቤተ መንግሥት ነው አይልም?" አለችው። ነገሩ ገባው። ግምቱ ከዚህ በላይ ከፍ ካለ የሚከፍሉበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የፊቱን ክፍል ማከራየት። አባቷ ደግሞ ከነሱ ጋር ይተኛሉ ማለት ነው።

"ወይ ባሕሩን ታደርቀዋለህ፣" አለችው፣ "ወይ አባዬ እዚህ አልጋችን ሥር ይነጠፍላቸዋል። እኔ ባሕሩን እወደዋለሁ። አባዬንም እወዳቸዋለሁ። የምትመርጠው አንተ ነህ።"

ለሙከራ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሽማግሌውን እነሱ ክፍል አስተኟቸው። ባልና ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ሞተር ተነሳ፤ ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፤ ዳገቱ ሲመጣ ሚስቱ ሳታውቀው የአልጋውን እግር ጨብጣ ያዘች። ሽማግሌው ሲነቁ ሁለቱም ረጅም መንገድ የተጓዙ መስሏቸው ወገባቸውን እያሹ ነበር።

ስለዚህ ባለ ሜትሩ ይመጣል በተባለበት ጠዋት ጋሽ ብሩሽ ቡናማውን ቆርቆሮ ይዞ በገዛ በሩ ፊት ቆመ። ዓሦቹ ሳቁበት። ከማን እንደሚጀምር ጠፋው። በመጨረሻ ከታች ጥግ ያለችውን ትንሿን መረጠና ጭራዋ ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ አሳረፈ። ከዚያ ወዲያ እጁ አልሄድ አለ። መስኮት ላይ ያሉት አማቱ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ፍሬን ያዝ" አሉት።

ያዘ። ቆርቆሮውን ከደነና፣ የሚመጣው ይምጣ ብሎ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ።

ባለ ሜትሩ መጣ። ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት ያየው ሰፈር የለም። ፊቱ አመድ መሰለ። አጥር አጠገብ ላለመሄድ መሐል መንገዱን ይዞ፣ ትንፋሹን እንኳ ቀስ እያደረገ፣ ዳር እስከ ዳር አየና አንድም ነገር ሳይጽፍ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ ተመለሰ። ከአጥራቸው ኋላ አድፍጠው ሲጠብቁ የነበሩት ጎረቤቶች ተቃቀፉ። የብረት ነጋዴውማ ዘንድሮ መንግሥት ነው ለኔ የሚከፍለኝ እያለ ሲቀልድ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው ተለጠፈ። መንገዱ በሙሉ ለነዋሪዎች ሕይወት አስጊ ሆኖ ስለተገኘ ጉዳዩ ከግምት ክፍል ወደ ሕንፃ ደህንነት ክፍል ተላልፏል። በማግስቱ መሐንዲስ መጥታ የሚፈርሱትን ቤቶች ምልክት ታደርጋለች። የማያሰጋ ተብሎ የተለየው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ባሕር ያለበት።

በዚያው ምሽት መንደሩ በጋሽ ብሩሽ ግቢ ተሰበሰበ፤ መቀመጫ ስላልበቃ በቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። የብረት ነጋዴው ዛሬውኑ በውሃ አጥበህ አጥፋው አለው።

"ጋሼ፣ ዝናብ የማያስለቅቀው ይሁን ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት" አለ ጋሽ ብሩሽ። "የዘይት ቀለም ነው። የልጅ ልጅዎ ይወርሰዋል።"

አንዱ በላዩ እንቀባበት አለ፤ ለዚያ ሁሉ አጥር ቀለሙም ጊዜውም ከየት ይመጣል። ሌላው ቀለም ነው ብለን እንናገር አለ፤ ግብር ለመሸሽ ቀባን ብሎ መሐንዲሷ ፊት ቀድሞ የሚናገር ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ጫማውን ያይ ጀመር። ያን ጊዜ ጋሽ ብሩሽ መድኃኒቱ አንድ እንደሆነ ነገራቸው። በራችሁን ክፈቱና ቤታችሁን ከውስጥ አሳዩ፤ ጠንካራ ቤት ከውስጥ ይታወቃል። ባለ ሜትሩም ይለካ፣ ሁላችንም ባለን ልክ እንክፈል።

ጥርስ ሐኪሙ ቆርቆሮው ላይ ተቁነጠነጠ። የጋሽ ብሩሽ ሚስት ታዝባው ኖሮ፣ "ዶክተር፣ እርስዎ ሰውን ሁሉ ክፈት ክፈት ሲሉ አይደል የሚውሉት" አለችው። "አሁን ተራው የርስዎ ነው። ብዙ አያምም።"

ሁሉም ሳቀ፤ እከፍታለሁ ያለ ግን አልነበረም። ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በማግስቱ መሐንዲሷ ቢጫ ሄልሜቷን ደፍታ፣ ጠመኔ ይዛ መጣች። ባለ ሜትሩም ከኋላዋ ነበር፣ የሞላ ቤት ያስፈረሰ ሰው ፊት ለብሶ። የመጀመሪያው አጥር የብረት ነጋዴው ነው። ዙሪያውን አየችና፣ ይህስ አንድ ቀን የሚያድር አይመስልም ብላ ጠመኔውን ስታነሳ፣ ከበሩ ኋላ በቀዳዳ ሲያይ የነበረው ነጋዴ ትዕግሥቱ አለቀ። በሩን በርግዶ ወጣ።

"የትኛው ነው አንድ ቀን የማያድረው?" አለ። በቡጢ አጥሩን መታው፤ አልረካም፣ በትከሻው ገጨው። "እሜቴ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ብረት ድልድይ ይሠራል። እኔ ብረት ነጋዴ ነኝ! ግቢና መሠረቱን እዪ፣ ዓምዱን እዪ፣ እብነ በረዱን እዪ።"

ገቡ። ባለ ሜትሩም ገባ። እኛም ገባን፤ ለዓመታት የጓጓንለትን ሳሎን በቀላሉ አንለቅም። ነጋዴው ክፍል በክፍል እያዞረ ጉልላቱንም ፏፏቴውንም አሳየ። ከመፍረስ ያድነኛል ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ የተናገረው ሁሉ ደግሞ ግምት ላይ የሚጨመር እንደሆነ ትዝ ያለው ባለ ሜትሩ እጁን ወደ ቀበቶው ሲሰድ ነው። ያን ጊዜ ነው ሜትሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው። ሲጥ ሲጥ እያለች፣ እየተንፏቀቀች ስትወጣ በሰፈራችን የመጀመሪያው እውነተኛ ዝገት ታየ፤ እሷው ላይ ነበር።

ጥርስ ሐኪሙ ነጋዴው ሲያወራ ሰምቶ አላስቻለውም። የሱ ቤት መሠረት ከዚህ እንደሚጠልቅ፣ ጣሪያውም ከውጭ አገር እንደመጣ ተናግሮ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። በአንድ ወገን ቤቴ ይፈርሳል የሚል ስጋት፣ በሌላ ወገን የጎረቤት ጉራ፤ የሰፈሩ በር ሁሉ ተራ በተራ ወለል አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ይዛ የሄደችው ሚስት እንኳ ተመለሰች። መሐንዲሷ አንዱን ስንጥቅ በጥፍሯ ፍቃ ቀለም መሆኑን ስታይ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሄልሜቷን ፊቷ ላይ ደፋች። ጠመኔዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

ልኬቱ ሊጠናቀቅ ሲል አንድ ክርክር ተነሳ። በነጋዴው ቪላ የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ እስከ መስኮቱ የሚወጣ ስንጥቅ ነበር። ነጋዴው ይህ ጉዳት ከግምቱ ይቀነስልኝ አለ። ባለ ሜትሩ ያን ቀን ብዙ ተምሯል፤ ስንጥቁን ራቅ ብሎ አየና፣ ይቺስ ከሁሉም የተዋጣች ሥራ ናት ብሎ አደነቀ። ነጋዴው ማለ፣ ተገዘተ፤ የሚያምነው አልተገኘም። ላብ በላብ ሆኖ ጋሽ ብሩሽን አስጠራው።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ብሩሽን ከበበ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ቪላ በላይ ሲከፍል የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ "የኔ ናት" ቢል በቃ። ነጋዴውም ይህን አውቆ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ጋሽ ብሩሽ መሰላል አስመጣ። ወጥቶ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ብሩሿን ከጆሮው አውርዶ ጫፏን ሰደደበት። ብሩሿ ገባች።

"የኔ አይደለም" አለ ቁልቁል እያየ። "የኔ ስንጥቅ ውስጥ እንሽላሊት አይገባም።"

ይህን ሲል አንዲት እንሽላሊት ብሩሿ ጎርብጧት ከስንጥቁ ወጣችና በነጋዴው ጫማ ላይ ተራምዳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምስክር ያስፈለገው የለም። ባለ ሜትሩ የሚቀነሰውን ቀነሰ። ነጋዴው የጋሽ ብሩሽን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ከመሰላሉ አወረደው።

የጋሽ ብሩሽ ቤት መጨረሻ ላይ ተለካች። ሜትሯ ገና ወገቧን ሳታፍታታ ግድግዳው ደረሰባት። አማቱ ከመስኮታቸው አልነሳም ስላሉ በሳቸው ዙሪያ ተለካ፤ እሳቸውም ወደ ኋላ ሲሄድ መስታወት እያየ እንዲሄድ ገማቹን አስጠነቀቁት። ባለ ሜትሩ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችውና ባሕሩስ በስንት ተገመተ ብላ ጠየቀችው።

"የሚገመተው ቤቱ ነው፣ እትዬ" አላት። ትንሽ አሰበና ዓሦቹን አያቸው። "ባለፈው ባሕሩን ገምቼ ነው ቤቱን የረሳሁት።"

አዲሱ ግምት ሲለጠፍ ነጋዴው ከላይ፣ ጋሽ ብሩሽ ከታች ሆኑ፤ ሌላውም በየልኩ ገባ። ያንጎራጎረ አልጠፋም፤ ቤቴ ትልቅ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ከተናገረ በኋላ ግን ትንሽ ናት ብሎ ማን ይከራከራል። ዝገትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቅም አጣ። ሰፈሩ ቀለም ተራበ፤ ጋሽ ብሩሽ ወረፋ ያስይዝ ጀመር። የብረት ነጋዴው ባሕር ይሁንልኝ አለ፣ ከጋሽ ብሩሽ ባሕር የሚሰፋ፤ ዓሦቹ ግን እንዳይስቁ፣ የተከበሩ ዓሦች እንዲሆኑ። ጋሽ ብሩሽ ብዙ ታገለ። ከተከበሩት ዓሦች አንዱ የነጋዴውን ጢም ይዞ ወጣ፤ ነጋዴው ግን እስከ ዛሬ ልብ አላለውም።

በፊተኛው ክፍል የሚከራይ ሰው አልገባም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋሽ ብሩሽ የትንሿን ዓሣ ጭራ በሰማያዊ ሸፍኖ ሲገባ ሚስቱ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሞተር ተነሳ፣ አንደኛ ማርሽ ገባ። ሁለቱም አዳመጡ። አውቶቡሱ ዳገቱን ይዞ እያቃሰተ ሲወጣ ሚስቱ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች።

"እንዴት ደስ ይላል፣" አለች፣ "በሌላ ሰው መንገድ ሲሄድ።"